ወሎ ኮድ አልነበረውም

የወሎ ልጆች እንዴት ናችሁ፣ አብሽሩ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ አራት አመት ሆነኝ፣ እድሜዬን የጨረስኩት ስታቲስቲክስ መስሪያ ቤት ነው፣ በአጭሩ ሰው፣ ከብትና ሰብል ስቆጥር ነው የኖርኩት። ልጆቼ ዜና ባየሁ ቁጥር ስነጫነጭ ሰልችቷቸው "አባባ እኛን ከምትጨቀጭቀን ለሌላው ወጣት ጻፍለት" አሉኝ፣ ይሄው ጻፍኩ። ፖለቲካ ባልነካ ደስ ይለኝ ነበር ግን ደሴ ቁጭ ብሎ ፖለቲካ ያልሆነ ነገር መጻፍ አሁን የሚቻል አይመስለኝም፣ የሽንኩርት ዋጋ እንኳን ፖለቲካ ሆኗል።

በግንቦት 1976 ሀገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የህዝብ ቆጠራ ስታደርግ እኔ 22 አመቴ ነበር፣ ቆጣሪ ሆኜ ወረባቦ በኩል ደረሰኝ። ቅጹን ታቅፌ፣ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ከቤት ቤት። አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ አገኘሁና ስም፣ እድሜ፣ ሃይማኖት እያልኩ ሄጄ ብሔረሰብ የምትለዋ ጋ ደረስኩ።

"አባባ ብሔረሰብዎ ምንድነው?"

"ወሎዬ ነኛ።"

"እሱማ የቦታ ስም ነው አባባ።"

"እና እኔ ቦታ ላይ አይደል ያለሁት?"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወላጆቻቸውን ጠየቅኩ። እናታቸው የአፋር ልጅ ናቸው፣ አባትየው ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ አይተው ነው ያገቧቸው። አባታቸው ደሞ አማርኛ ተናጋሪ ነበሩ፣ "ሲናደድ ግን በኦሮምኛ ነበር የሚሳደብ" አሉኝ። የአባታቸው አያት ቄስ ነበሩ ይባላል፣ እሳቸው ግን አምስት ወቅት ሰጋጅ እስላም ናቸው። ኮዱን የያዘውን ወረቀት ገለጥኩ፣ ወሎዬ የሚባል ኮድ የለም። ሽማግሌው ከብት ሊያጠጡ ቸኩለዋል፣ "የሚስማማህን ጻፍ ልጄ" ብለውኝ ዱላቸውን አነሱ። እኔም በሚናገሩት ቋንቋ ፈረጅኳቸውና አማራ ብዬ ጻፍኩ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሌላ ቆጣሪ ቢደርሳቸው አፋር ወይ ኦሮሞ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፣ ማንም መጥቶ ተሳስተሃል አይለውም ነበር።

ያቺን ደቂቃ ነው አርባ ምናምን አመት ሙሉ የማስባት።

በሽማግሌው ነገር ወሎን ላሞግስ እንዳይመስላችሁ። "ወሎ የፍቅር ሀገር፣ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ቤት የሚኖርበት" የሚለውን ከየመድረኩ እየሰማችሁ ነው ያደጋችሁት፣ እውነት ነው፣ የኔም ቤት እንደዛ ነው፣ ሰርግ ሲኖር ሁለት ሰንጋ ይታረዳል ሁለት ድንኳን ይተከላል፣ ሙሽራው ግን አንድ ነው። ግን ይሄ ፍቅር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ የወሎን እስላም ተጠመቅ ሲሉ የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ሚካኤል ሆነው ተነሱ፣ ሼህ ጦልሃን የመሰሉት ደሞ እምቢ ብለው ጫካ ገቡ፣ ስንት ቤተሰብ እኩሌታው እዚህ እኩሌታው እዛ ሆኖ ተለያየ። ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ የኖረ ሰው ሞልቷል። ከዛ ሁሉ በኋላ ነው ሰዉ ተያይቶ "በቃ፣ አንተም የአክስቴ ልጅ ነህ" የተባባለው። ንጉሥ ሚካኤልም ደሴ ላይ ያሰሩትን አዳራሽ አይጠየፍ አሉት፣ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው፣ ስሙን ስሰማ እኔ የሚታየኝ መጠየፍን አይተውት የነበሩ ሰው ነው። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ ስትሉ ደሞ ኦሮምኛ እያወራችሁ ነው፣ "ወረ" እኮ የነ እገሌ ቤት፣ የነ እገሌ ወገን ማለት ነው። አማርኛ እያወራ በኦሮምኛ ስም ሀገር ላይ ተቀምጦ "ንጹህ ነኝ" የሚል ወጣት ቲክቶክ ላይ ሳይ እውነቱን ለመናገር ያሳፍረኛል። ከሚሴ ሄዶ ኦሮምኛ ተናጋሪውን "መጤ" የሚለውም ያው ነው፣ ማን ከማን እንደመጣ ሊነግረን የሚችለው ቅም አያቱን የማያውቅ ብቻ ነው።

ወደ ቆጠራው ልመለስ። በአመቱ ድርቁ ከፋ፣ 77 የሚባለው። እዛው አካባቢ ለእህል ግምት ተላክሁ፣ የቆጠርኳቸው ቤቶች ግማሾቹ በራቸው ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ባቲ መጠለያ የደረሰ ደርሷል፣ መንገድ ላይ የቀረ ቀርቷል። እኔ በ66ቱም ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ሐረጎ ላይ፣ ሰው ተደግፎ የተቀመጠ መስሎኝ ሰላም ያልኩትን ሰው እስከዛሬ አልረሳውም። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ "ወሎ ገራገሩ" ሲሏችሁ ቶሎ ደስ አይበላችሁ። ገራገር የተባለው ህዝብ ሳይጮህ ነው ያለቀው። ያኔ ደሴ ስር ሰው እየረገፈ ወሬው አዲስ አበባ ሳይደርስ ወራት ሄደ፣ እኛም ጨዋነታችን ሆኖ ዝም አልን። የዘፈኑን ወሎ እወደዋለሁ፣ ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ፣ አንቺ ሆዬው ከዚሁ ነው የሚባለው ያኮራኛል፣ ግን ቆንጆና ገራገር ብቻ የሚባል ሀገር ልጁን በባቲ፣ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ባህር አድርጎ ሳውዲ የሚልክ ሀገር ነው። ከሐርቡ ከመርሳ ስንቱ እንደሄደ ታውቃላችሁ፣ እናንተ እራሳችሁ ከደላላ ጋር ስልክ የተለዋወጣችሁ ትኖራላችሁ።

ከድርቁ ቀጥሎ ሰፈራ መጣ። ደርግ በ77 እና በ78 ወደ 600 ሺህ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ብዙው የወሎ ሰው ነበር። ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከል፣ ጋምቤላ። ያኔ ስማቸው ሰፋሪ ነበር፣ ተጎጂ ነበር። በ83 ስርአቱ ሲቀየር፣ በ87 ህገ መንግስቱ ሲጸድቅ፣ ያ ሰው ሳይነቃነቅ እዛው በቆሎው መሃል ቆሞ ሌላ ስም ወጣለት። በሰኔ 2014 ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በመቶዎች ሲገደሉ ብዙዎቹ ዘራቸው ከወሎ የሄደ ነው። ከወለጋ የተረፈው ደሞ ተመልሶ መጣ፣ ጃራ መጠለያ፣ ሐይቅ ቱርክ ካምፕ። ቱርክ ካምፕ ማለት የባቡር ሀዲዱን ለሚሰሩት ሰዎች የተሰራ ሰፈር ነው እኮ፣ ባቡሩ አልመጣም፣ የመጣው ተፈናቃይ ነው። አንድ ጊዜ ሄጄ አንድ እናት አነጋገርኩ፣ በ78 በአባቷ ጀርባ ታዝላ ነው የሄደችው፣ "አባባ እዛ ወሎዬ ነበር የሚሉን፣ ከዛ አማራ አሉን፣ እዚህ ስንመጣ ደሞ ወለጋዎቹ ይሉናል" አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? እርሳሴ ትዝ አለችኝ።

ስለዚህ የፖለቲካ አቋሜን ብትጠይቁኝ ብዙም ከዚች እናት የራቀ አይደለም። ማንነቱን የሚያውቅና የሚኮራ ሰው ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም፣ አርጎባው አርጎባ ነኝ፣ አገው ነኝ፣ ኦሮሞ ነኝ፣ አማራ ነኝ ብሎ በቋንቋው ይማር ይዳኝ፣ ድሮ ይሄ ተከልክሎ ነበር፣ ያ በደል ነበር። ይሄን ጥያቄ በጽሁፍ ካነሱት መሃል ዋናው እኮ የኛው ልጅ ነው፣ ደሴ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን፣ በኅዳር 1962። በሶስት አመቱ አውሮፕላን ሊጠልፉ ሲሉ ተገደለ። ዛሬ ግማሾቻችሁ ትረግሙታላችሁ ግማሾቻችሁ ታመልኩታላችሁ፣ ጽሁፏ ግን ከሰአት በኋላ ቡና እየጠጣችሁ የምትጨርሷት ጥቂት ገጽ ናት፣ ያነበባት እጁን ያውጣ ብል ስንት እጅ እንደማይ እገምታለሁ። አንብቡት፣ ከዛ ተጣሉት። እኔ በአንዳንዱ እስማማለሁ በአንዳንዱ አልስማማም፣ ግን የማላነበውን ሰው አልሳደብም።

የኔ ጸብ ከሳጥኑ ጋር ነው። አንድ ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ከዛ መሬት፣ ስራ፣ ነፍስ በሳጥኑ ይታደል የሚለው ጋር ነው።

አሁን ደሞ "ወሎ ክልል ይሁን" የምትሉ አላችሁ። ገብቶኛል፣ የድሮው ወሎ ክፍለ ሀገር ከአሰብ በረሃ ጫፍ እስከ ላስታ ነበር፣ ኮረምና አላማጣ ወደ ትግራይ፣ አውሳ ወደ አፋር፣ ቀሪው አማራ ክልል ውስጥ በዞን በዞን ተበትኖ ሲቀር የከፋው ሰው ነበር፣ እኔም ከፍቶኝ ነበር። ግን አንቀጽ 47ን አንብቡ፣ ክልል የመጠየቅ መብት የሰጠው ለብሔር፣ ለብሔረሰብና ለህዝብ ነው፣ ሁለት ሶስተኛ ድምጽ፣ ከዛ ሪፈረንደም፣ ሲዳማ በ2012 ያለፈበት መንገድ። ወሎ በዛ በር ለመግባት መጀመሪያ እራሱን ብሔር ነኝ ማለት አለበት፣ ሽማግሌውን ያስቸገርኳቸውን ቅጽ አሁን እኛው ልንሞላው ነው ማለት ነው። ሰንደቅና ፕሬዚዳንት አግኝተን ለደሴ ውሃ ካልመጣ ደሞ ትርፉ ምንድነው? እኔ እቤቴ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ በደብተር እመዘግባለሁ (ሚስቴ "ቆጠራው አልለቀቀህም" ትላለች)፣ ያችን ደብተር ይዤ የሚመለከተው ቢሮ ስሄድ ከየትኛውም መፈክር በላይ ሰውየው ይደነግጣል። የወሎ ፍቅር ካላችሁ እንደዛ ያለ ደብተር ያዙ። የቀበሌያችሁ ትምህርት ቤት ስንት ቀን ተዘጋ፣ ስንት ልጅ አቋረጠ፣ ጤና ጣቢያው መድሃኒት አለው ወይ፣ ቀን ጻፉበት። ተኩሱ ያልቆመበት ወረዳ ያላችሁ መጀመሪያ እራሳችሁን ጠብቁ፣ ደብተሩ ይደርሳል።

ስለ ቁጥር ካነሳሁ አይቀር፣ "እኛ ይሄን ያህል ሚሊዮን ነን" እያላችሁ ስትጨቃጨቁ አያለሁ። በዚች ሀገር ከ1999 ወዲህ ቆጠራ የለም! አራተኛው በ2010 ይሆናል ተብሎ ተራዘመ፣ በ2011 እንደገና ተራዘመ፣ እስካሁን እንደተራዘመ ነው። በ99ኙ ቆጠራ ደቡብ ወሎ 2.5 ሚሊዮን፣ ሰሜን ወሎ 1.5 ሚሊዮን ነበር፣ ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ መታወቂያ አውጥቷል። የ99ኙ ውጤት ራሱ የአማራ ክልል ከተገመተው ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎድሎበት ፓርላማ ድረስ ያጨቃጨቀ ነው። የፌደራል ድጎማ ሲከፋፈል ደሞ የህዝብ ብዛት ይታያል፣ እና ሁሉም የሚከራከረው በግምት ነው። ቁጥር አምጥቶ የሚያስፈራራችሁን ሰው መቼ ተቆጠረ፣ ማን ቆጠረ፣ ምን ብሎ ጠየቀ በሉት። ብዙው እዛው ጋ ያበቃለታል። ቆጠራው አንድ ቀን ይመጣል፣ ከናንተ መሃል ቆጣሪ የምትሆኑ ትኖራላችሁ፣ ያኔ ሰው "የሚስማማህን ጻፍ" ሲላችሁ እንደኔ አትቸኩሉ። እስኪመልስ ጠብቁት፣ ከብቱን እያጠጣም ቢሆን አብራችሁት ሂዱ።

ጦርነቱን ብዙ አልጽፍም፣ ገና ቁስል ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የትግራይ ሃይሎች ደሴና ኮምቦልቻን ሲይዙ ቤታችንን ቆልፈን ወደ ሸዋ ተሰደድን፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ስትመለስ ተመለስን፣ ሆስፒታሉ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎ ባዶ ነበር። ያኔ ደብረብርሃን ላይ ያስጠጋን ሰው የማን ልጅ ናችሁ አላለንም፣ ምሳ በልታችኋል ነው ያለን። ከዛ ወዲህ ደሞ ሌላ ተኩስ፣ ከ2015 ሐምሌ ጀምሮ በዚሁ ክልል፣ ወንድም ከወንድም። ከሁለቱም ወገን ወሎን እወዳለሁ የሚል ሰው አውቃለሁ፣ ሁለቱንም አፈር ሲለብሱ ቆሜ አይቻለሁ። ጎትቶ የሚያስገባችሁ ምክንያት ሊኖራችሁ ይችላል፣ እኔ ከዚህ ወንበር ሆኜ ፈራጅ አልሆንም፣ ግን ከሩቅ ሀገር ሆኖ በላይቭ "ግፋ በለው" የሚላችሁን ሰው ልጁ የት ትምህርት ቤት እንደሚማር ጠይቁት።

አሁን እኔ የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ጸሃፊ ነኝ፣ ከመንግስት ስራ የተረፈኝ ስልጣን እሱ ነው። መዝገቡን ያሰመርኩት እኔ ነኝ፦ ስም፣ የወር መዋጮ፣ የተከፈለ፣ ያልተከፈለ፣ ያለበት ተራ። ባለፈው አንድ አዲስ አባል፣ ወጣት ነው፣ መዝገቡን አገላብጦ "ጋሼ የሃይማኖት ረድፍ የለውም እንዴ፣ ሲሞት በምን ታውቃላችሁ?" አለኝ። "ሚስቱ ትነግረናለች" አልኩት። ድንኳናችን በጦርነቱ ጊዜ ከነድስቱ ሄዷል፣ አሁን ያለን በልመና የተገኘ አሮጌ ነው፣ ክረምቱን ጥጉ ላይ ተተርትሯል። እሁድ ከሰአት እንሰፋዋለን፣ ሸዋበር አካባቢ ያላችሁ ወፍራም መርፌና ሲባጎ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ቡና አለ።