14ኛውን ቀን እየጠበቅን ነው፤ ለምን አላረገዝኩም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከቡሬ ነው። ዕድሜዬ 26 ነው። ልጅ ፈልገን የሦስት ወሩን መርፌ ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። የወር አበባዬ የተመለሰው ግን ከአራት ወር ወዲህ ነው። በየ31 እስከ 34 ቀኑ ይመጣል። ጎረቤቴ «እንቁላል የሚወጣው በ14ኛው ቀን ነው» ስላለችኝ ያችን ቀን ጠብቀን እንገናኛለን። ረቡዕና ዓርብን፣ አጽዋማትንም እናከብራለን። እስካሁን ምንም የለም። አማቴ ነገር ነገር ይሉኛል። መካን ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉልኝ ውስጥ መካን የሚያሰኝ አንድም ነገር የለም። የሦስት ወሩ መርፌ መካን አያደርግም፤ ያዘገያል እንጂ። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል፤ ከዓመት በላይ የሚቆይባቸውም አሉ። ስለዚህ የእርስዎ ሙከራ በደንብ የጀመረው የወር አበባዎ ሲመለስ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ጎረቤትዎ የነገሩዎት በየ28 ቀኑ ለሚመጣባት ሴት ይሠራል። እንቁላል የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ከፊት ወደ ኋላ ነው። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን በመሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ጳጉሜን ብቻ አይርሷት። የወር አበባዎ ጥር 3 ጀመረ፣ ቀጣዩ ደግሞ የካቲት 6 መጣ እንበል። 33 ቀን ነው። ከየካቲት 6 ላይ 14 ቀን ሲቀንሱ ጥር 22 ላይ ያርፋሉ። እናንተ የተገናኛችሁት ግን በ14ኛው ቀን፣ ጥር 16 ነው።

የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። እንቁላሉ ግን ከወጣ በኋላ ቢበዛ 24 ሰዓት ነው ያለው። ስለዚህ ለማርገዝ የሚመቹት እንቁላል የሚወጣበት ቀንና ከእሱ በፊት ያሉት አምስት ቀናት ናቸው። በምሳሌያችን ከጥር 17 እስከ 22 ማለት ነው። ለአንድ ቀን አመለጣችሁ!

አንዲት ቀን መጠበቁን ተዉት። የወር አበባዎ ከጀመረበት ቀን ቆጥረው ከ11ኛው እስከ 22ኛው ቀን ድረስ በየሁለት ቀኑ ተገናኙ። ረቡዕና ዓርብን ብትዘሉ አትጎዱም፤ የማክሰኞው ዘር ዓርብም በሕይወት ሊኖር ይችላል። ሁዳዴ ግን 55 ቀን ነው። ያን ጊዜ የሚያልፋችሁን ወር «ሞክረን አልሆነም» ብላችሁ አትቁጠሩት፤ አልሞከራችሁምና።

ሰውነትዎም ራሱ ይነግርዎታል። ቀኑ ሲቃረብ ከማህፀን የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል የጠራ፣ የሚያዳልጥ፣ በሁለት ጣት ሲይዙት የሚሳብ ይሆናል። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ አስቀድሞም ይናገራል። በሽንት የሚሠራ መመርመሪያም አለ፤ እንቁላሉ ሊወጣ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ገደማ ሲቀረው ያሳያል። በየጠዋቱ ሙቀት መለካት ግን የሚነግርዎ ካለፈ በኋላ ስለሆነ አይድከሙበት።

ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ከዛሬ ጀምረው በቀን 0.4 ሚሊግራም ይውሰዱ። የጽንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩት ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው።

የአማትዎ ነገር አሳዝኖኛል። ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው። ነገር ግን ልጅ ከዘገየባቸው ባልና ሚስት ግማሽ በሚጠጉት የወንዱም ድርሻ አለበት። ከ35 ዓመት በታች ላለች ሴት በአግባቡ ተሞክሮ ዓመት ሲሞላ፣ 35 ላለፋት ደግሞ በስድስት ወር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። የወር አበባዎ ቢጠፋ ወይም ከሆድዎ በታች ጠንካራ ሕመም ካለ ግን ቀኑን አይጠብቁ።

ስትሄዱ አብራችሁ ሂዱ። የባለቤትዎ ምርመራ ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅበው የዘር ፈሳሽ መስጠት ብቻ ነው። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ ስላለበት ከቡሬ ይዘውት አይነሱ። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሲደርሱ እዚያው ይስጡ።