ፍሬን ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ለምን ይቀየራል?

ሰሞኑን አንድ ወጣት የአባቱን ኮሮላ ዲኤክስ ጋራዥ አምጥቶ፣ «ጋሼ፣ ፍሬን ዘይቱ እኮ ሙሉ ነው፤ ለምን ይቀየራል?» አለኝ። ጥያቄው የሚቆጨኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ረዳት መካኒክ ሳለሁ የአንድ ነጋዴ ፔጆ 504 እኛ ጋ ትሠራ ነበር። ሹፌሩ ዝምተኛ ሰው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ፣ ያን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ሊጨርስ ሲል፣ ፔዳሉ ወለል ነካ። ሰውየው አልደነገጠም፤ መኪናዋን ከገደሉ አርቆ ከተራራው ጋር እያፋተገ አቆማት። ማንም አልተጎዳም፤ አንድ ጎኗ ግን ተላጠ።

ተጎትታ ስትመጣ ፔዳሉን ረገጥኩት፤ ጥብቅ ነው። ደገምኩት፤ ያው። የሚያፈስ የለም፣ የፍሬን ሸራው አላለቀም፣ ዘይቱ እስከ ምልክቱ ሞልቷል። መልኩ ብቻ እንደ ቡና ጠቁሯል። አለቃዬ «ፍሬኗ ደህና ናት» አለ። ባለቤቱ ወደ እኔ ሲዞር እኔም «ደህና ናት» አልኩ። ሹፌሩ «እንቅልፍ ወስዶህ ነው» ተባለ፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ ከገባበት ግን 140 አካባቢም ሊፈላ ይችላል። ፍሬን እየያዙ ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ግፊቱን ወደ ጎማ አያደርስም። ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ ይጠብቃል። ሰውየው እውነቱን ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ፣ ፍሪ አድርጎ፣ በፍሬን ብቻ ወርዶ ይሆናል፤ ያኔ ያላደረገው ማን አለ?

አንድ ጊዜ እዚያችው ፔጆ ኮፈን ላይ ፍሬን ዘይት አንጠባጥቤ ቀለሙን ስላስለቀቅኩ አለቃዬ ሰንብቶም አልበረደለትም። ለሹፌሩ ግን የተናገረ አልነበረም።

የዛሬ ልጆች ለስክሪንና ለስፒከር ገንዘብ አታጡም፤ ዘይት ሲባል «ይቆይ» ነው። ከስልክ መካኒክነት አይገኝም እላለሁ። ሆኖም ጎማ ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ማንበብ ያስተማረኝ ስልኩን ይዞ የመጣ ልጅ ነው፤ 2315 ማለት በፈረንጆች 2015፣ 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሳያልቅ ያረጀ ጎማ ስንቱን አሳስቷል!

ሞተር ዘይትና ውሃ እዩ አልላችሁም፤ ያን የማያይ መኪና ባይይዝ ይሻላል። ፍሬን ዘይቱን ግን በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት፤ ዓይነቱ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ቦሎ ለጥፌያለሁ አትበሉኝ፤ ምርመራ ላይ ፍሬኑ የሚለካው ሜዳ ላይ፣ ዘይቱ ሳይግል ነው። ዓባይን ስትወርዱ ከመጀመሪያው ኩርባ በፊት ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዝላችሁ ከባድ ማርሽ (ዝቅተኛውን) አስገቡ። ፔዳሉ ከሰመጠ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ በሽቦ ስለሚሠራ የዘይቱ መፍላት አያግደውም፤ የኋላው ሸራ ካለቀ ግን እሱም አይዝም። ለልጁ ኮሮላ ዘይቱንም ሸራውንም አዝዣለሁ።