ባጁን ልመን ወይስ ደሜን?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጎንደር ራጅ አነሳለሁ። ደረቴ ላይ የማደርገው የጨረር መለኪያ ባጅ የሦስት ወር ውጤቱ ሲመጣ 310 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይላል። ክው ብዬ ቀረሁ! እረፍት ወጥቼ አዘዞ እናቴ ጋ ስከርም፣ ባጁ ራጅ ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለው ሊድ አፕሮን (ጨረር የሚከላከለው የእርሳስ ሽርጥ) ላይ እንደተሰካ ነበር። አለቃዬ ግን «ሰበብ ነው» ይለኛል። በደም ምርመራ እውነቱ ይታወቃል የሚባለው ልክ ነው? በጥር ሠርጌ ነው፤ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ከሰሙ ጉድ ይፈላል።
ከማራኪ

መልስ፦ ልጄ፣ ልክ ነው። እንዳትቀየመኝ እንጂ ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ጠቅሞሃል። ባጁ 8 ወይም 15 ቢል ኖሮ ደምህ ምንም አይነግረንም ነበር። ምርመራው ከ100 ሚሊሲቨርት ገደማ በታች ያለውን አይለይም። አንዴ ደረታቸውን ራጅ ተነስተው «ደሜ ይታይልኝ» ለሚሉኝም መልሴ ይኸው ነው፦ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ጨረር ሴል ውስጥ ሲያልፍ ክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር መመሪያ የተጠቀለለበትን ክር፣ ይሰብራል። ሴሉ ልጠግን ብሎ ሲሯሯጥ አንዳንዴ የሁለት ክሮሞዞሞችን ስባሪ አሳስቶ ይገጥማል። ጤነኛ ክሮሞዞም እንደ ሰው አንድ ወገብ ነው ያለው፤ ይኼኛው ሁለት ወገብ ይዞ ቁጭ ይላል። ዳይሴንትሪክ የሚባለው እሱ ነው። ከጨረር ሌላ ይህን የሚያመጣ ነገር ጥቂት ስለሆነ ምርመራው ይታመናል።

ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት ቱቦ ይቀዳል። ነጭ የደም ሴሎቹ እንዲከፈሉ የሚቀሰቅስ ነገር ተጨምሮባቸው በ37 ዲግሪ 48 ሰዓት ይቆያሉ። ሊከፈሉ ሲሉ በመድኃኒት ባሉበት ይያዛሉ፣ ስላይድ ላይ ይንጠባጠባሉ፣ በጊምሳ ይቀለማሉ። አዎ፣ የደንቢያን ወባ የምናይበት ያው ጊምሳ! ከዚያ ቆጠራ ነው፤ 1000 ሴል፣ በየሴሉ 46 ክሮሞዞም። ስልጠና ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ዓይን ያፈሳል። ተደራርበው የወደቁ ሁለት ክሮሞዞሞች ባለ ሁለት ወገብ መስለው ይሸውዱሃል። አሠልጣኛችን ታዲያ «ቁራጯስ የታለች?» ትለን ነበር። እውነተኛ ዳይሴንትሪክ ባለበት ሴል ውስጥ ወገብ የሌላት ትርፍ ቁራጭ መኖር አለባት።

ጨረር ያልነካው ሰው ከ1000 ሴል አንድ ቢገኝበት ነው። 310 ሚሊሲቨርቱ እውነት መላ ሰውነትህን አግኝቶት ከሆነ ግን 10 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ቆጠራው ላቦራቶሪው ለራጅ ጨረር ካዘጋጀው ኩርባ፣ ማለትም በየጨረር መጠኑ ስንት ዳይሴንትሪክ እንደሚጠበቅ ከሚያሳየው መስመር ጋር ይነጻጸራል። ውጤትህ እንደማንኛውም ሰው ከሆነ፣ የተመታው ባጁ ብቻውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ ከተማ፣ ከተተወ ክሊኒክ የወጣ ሲዚየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሰፈርተኛውን ሲበክል ማንም ባጅ አላደረገም ነበር። የብዙዎቹ መጠን የተገመተው በዚሁ ቆጠራ ነው።

ስለ ሠርግህ፦ ደም ላይ የሚቆጠረው ጉዳት ወደ ልጅ አይሄድም። የሂሮሺማና የናጋሳኪ ተራፊዎች ልጆች ለአሥርት ዓመታት ተጠንተው፣ ከወላጆቻቸው ጨረር የወረሱት በሽታ አልታየም። ለእጮኛህ ራስህ ንገራት፣ ከሰው ከምትሰማ።

አሁን አትዘግይ። ዳይሴንትሪክ የያዙ ሴሎች ወራት ባለፉ ቁጥር እያለቁ ይሄዳሉ። ጥያቄህን በጨረር ደህንነት ኃላፊው በኩል በጽሑፍ አቅርብ፣ ባጁ የት ከርሞ እንደነበርም ጻፍበት። ሲቲ ስካን ወይም የጨረር ሕክምና አድርገህ የምታውቅ ከሆነም አትደብቅ። ደሙ ሲላክ እንደ ክትባት በረዶ ውስጥ እንዳይከቱት፤ ከቀዘቀዘማ በቃ። ሳይውል ሳያድር ይድረስ። ኤርፖርት ላይ ደግሞ ፓኬቱ በሻንጣ መፈተሻው ራጅ እንዳያልፍ በላዩ በትልቁ ይጻፍበት፤ ባጁ ያየው አይበቃም?