«አርጅተሽ ነው የምትጨርሺው» ለተባለችው የመሐል ሜዳ (ሰሜን ሸዋ) ተማሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የአጎትሽ ልጅ ጠዋት ጠዋት ራሱን እያመመው ያስመልሰው ነበር። ለወራት የታይፎይድና የአሜባ መድኃኒት ሲውጥ ከረመ። መንገዳገድ ሲጀምር ነው አዲስ አበባ ተወስዶ የአንጎል ዕጢ የተገኘበት። አሁን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ክትትል ላይ ነው። እግዚአብሔር ይማረው። አንቺ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነሽ፤ የልጆች አንጎል ቀዶ ሐኪም መሆን ትፈልጊያለሽ። ቤተሰብ ግን «አርጅተሽ ነው የምትጨርሺው፣ አጠር ያለ ነገር ተማሪ» ይልሻል።

ዓመቱን እንቁጠረው። ሕክምና ከኢንተርንሽፑ (ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ ከሚማሩበት የመጨረሻ ዓመት) ጋር ስድስት ሰባት ዓመት ይወስዳል። የአንጎልና ነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ አምስት ዓመት ይጨምራል። የልጆቹን ለይተሽ ልማር ካልሽ ደግሞ ሌላ ሥልጠና አለ። ረጅም ነው፣ አላባብልሽም። ጠቅላላ ሐኪም ሆነው የሚመረቁትም እንደ ድሮው ወዲያው ሥራ ላይ አይመደቡም። ግን ስፔሻሊቲ የሚማሩት ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ እያከሙ ነው፤ ይህንን ለቤተሰብሽ ንገሪያቸው። ባሕር መሻገርም ግድ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ሐኪሞች ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. የአንጎልና ነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ጀምሯል። የመጀመሪያው በር፣ የሕክምና ትምህርቱ፣ ደግሞ ቅርብሽ ነው። ደብረ ብርሃን ያለው የጤና ሳይንስ ካምፓስ የሚጠራው በታላቁ ቀዶ ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ያ ልጅ ወራት ያለፉበት ቀዶ ሐኪም ጋ ሳይደርስ ነው። የጠዋት ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መንገዳገድ፣ አዲስ የመጣ የዓይን መንሸዋረር አንድ ላይ ሲታዩ በኋለኛው የአንጎል ክፍል ዕጢ ሊኖር ይችላል፤ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይፈልጋሉ። በልጅ ላይ ጨጓራ ወይም ታይፎይድ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የራስ ቅል ወለል ሲፈጠር ክፍተት የሚቀርባቸው ልጆችም አሉ። የአንጎል ሽፋን፣ አንዳንዴም አንጎሉ ራሱ፣ በክፍተቱ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ላይ ላዩን ሲያዩት የአፍንጫ ሥጋ ይመስላል። ሳያጣራ የቆረጠው ሰው የአንጎል ፈሳሽ ያፈስሳል፣ ማጅራት ገትርም ይከተላል። ማጅራት ገትር የሚመላለስበት ሕፃን ሲመጣ ይህን የሚጠረጥር ሐኪም የልጁን ሕይወት ያተርፋል። ይህ ሐኪም እዚያው መሐል ሜዳ ያለ ጠቅላላ ሐኪም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ፦ ሕክምናን ምረጪ። ስፔሻሊቲውን ግን ዛሬ አትቁረጪ። ኢንተርን ሆነሽ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስታድሪ ራስሽን ታውቂዋለሽ። ለሰዓታት ቆመው የሚሠሩት ቀዶ ሕክምና የሚስማማው ሰው አለ፣ የማይስማማውም አለ።

ውጤትሽ ለሕክምና ባይበቃ ከእነዚህ ልጆች ተለየሽ ማለት አይደለም። የአሥር ኪሎ ሕፃን መላ ደሙ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ ደም ሲፈስስ ለእሱ ብዙ ነው። ይህን በየደቂቃው የሚከታተለው የሰመመን (የማደንዘዣ) ባለሙያው ነው። ሰመመን፣ ራዲዮሎጂ፣ ነርሲንግ፣ ፊዚዮቴራፒ ሁሉም እዚያ ክፍል ወይም ደጁ ላይ ያደርሱሻል። እኔ በተለይ ሰመመንን ሁለተኛ ምርጫ አድርገሽ እንድትይዢው እወድዳለሁ።

እስከ ፈተናው ባዮሎጂና ፊዚክስን አጥብቂ፣ እንግሊዝኛሽንም አትርሺ። የአጎትሽ ልጅ ለክትትል ሲሄድ ትምህርት ከሌለሽ አብረሽው ሂጂ። ተራ ስትጠብቁ ነርሶቹንና ሬዚደንቶቹን (ስፔሻሊቲ የሚማሩትን ሐኪሞች) ሥራቸው ምን እንደሚመስል ጠይቂያቸው። የነገሩሽን ጻፊልኝ፣ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።