ኮፈኑ ሲከፈት፦ ከሁለቱ ሙስታንግ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የአጋሮ ልጅ ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ቡና ንግድ ላይ ነው ያለሁት። የድሮ የአሜሪካ መኪና ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳብደኛል። አሁን ትንሽ ገንዘብ ስቋጥር አዲስ አበባ ሁለት ፎርድ ሙስታንግ አገኘሁ። አንዱ እ.ኤ.አ. የ1966 ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ላሜራው ግን ደህና። ሌላው የ1967 ነው፤ ባለ 289 ቪ8 (289 ኪዩቢክ ኢንች፣ ስምንት ሲሊንደር)፣ አዲስ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ ዋጋውም ይበልጣል። ኢንተርኔት ላይ ሁሉም «ላሜራው ደህና የሆነውን ግዛ፣ ሞተር ይደረስበታል» ይላል። ደላላው ደግሞ ቪ8ቱን ካልወሰድክ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ጠንከር አድርጌ ልነዳው ነው የምፈልገው። የቱን ልውሰድ? ምኑንስ ላሻሽለው?
ቡና ነጋዴው፣ ከጅማ

መልስ፦ ኢንተርኔቱ አልዋሸህም፤ የሚያወራው ግን ለአሜሪካ ሰው ነው። እዚያ ላሜራ ማሠራት ኪስ ያራቁታል፤ የቪ8 ዕቃ ደግሞ ታዝዞ ቤት ድረስ ይመጣል። እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው። ከቆርቆሮ በመዶሻ ፓራፋንጎ የሚያወጣ ላሜራ ሠሪ ጅማም አዲስ አበባም አታጣም። የ289 ዕቃ ግን በሰው ሻንጣ ነው የሚገባልህ። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ፣ ምርጫህ አገር ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

«ስድስት ሲሊንደሩን ወስጄ ቪ8 እጭንበታለሁ» ብለህም እንዳታስብ። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ጎማ በአራት ዳዶ ነው የሚታሰረው፣ የቪ8ቱ በአምስት። ከጎማው ጀርባ ያለው ሁሉ፣ ታምቡሩም የፊት እግሩም ዲፈረንሻሉም፣ ቀጠን ተደርጎ የተሠራ ነው። ሞተሩን ስትቀይር ያንን ሁሉ ትቀይራለህ። እስከ 1966 የተሠሩት ደግሞ የፍሬን ፓምፓቸው አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። በ1967 ነው ፓምፑ ለሁለት የተከፈለው። አዲስ አበባ ስትመላለስ የጊቤን ቁልቁለት ስለምታውቀው ይህን አላስረዳህም።

ስለዚህ እኔ ወደ 67ቱ ነኝ። ቀይ ቀለሙ ግን አላማረኝም።

ከሊብሬው ጀምር። የሻንሲ ቁጥሩን ኮፈኑን ከፍተህ በሾፌሩ በኩል ካለው የውስጥ ላሜራ ላይ አንብብ። የመጀመሪያው አኃዝ 7 ከሆነ የ1967 ነው። አምስተኛው ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። «ሲ» ከሆነ በእርግጥም ባለ 289 ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ ነው። «ቲ» ከሆነ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ ነው የተወለደው፤ ቪ8ቱን በኋላ ሰው ነው የጫነበት። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ።

ቀጥሎ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በሮቹ ግርጌና ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ላሜራ ላይ አስኪድ። ማግኔቱ የሚለቅህ ቦታ ስቱኮ ነው። ስቱኮ ብቻውን አያስፈራኝም፤ ላሜራ ሠሪ አለን ብያለሁ። የሚያስፈራኝ ሥሩ ነው። ጉድጓድ ላይ አስወጥተህ ወለሉን የተሸከሙትን ብረቶች በጠመንዣ መፍቻ ወጋ ወጋ አድርጋቸው። ኮፈኑን ከፍተህ ደግሞ የፊት አሞርዛተሮቹ የታሰሩበትን ግራና ቀኝ ቤት እይ፤ እዚያ የተሰነጠቀ ወይም ተበይዶ የተቀባ ካገኘህ በነፃም ቢሰጡህ አትውሰድ።

ይህን መኪና የማያውቅ ሰው የማይሠራት አንዲት ፈተና ላሳይህ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ኮፈኑ የሚያልቅበት ጋ፣ የአየር ማስገቢያ ወንፊት አለ። እዚያ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ቀስ እያልክ አፍስስ። ውሃው ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ በኩል ወደ መሬት መፍሰስ አለበት። ከዚያ እጅህን በሾፌሩና በጎን ተቀማጩ እግር ማሳረፊያ ላይ፣ ምንጣፉን ገልጠህ ወደ ላይ ስደድ። እርጥበት ካገኘህ ውስጡ በልቶታል። ለመጠገን የፊት ላሜራውን እየፈታህ፣ ብየዳውን እያስለቀቅክ ነው የምትደርስበት። በጅማ ክረምት እንዲህ ያለ መኪና ስትነዳ እግርህ ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። ደላላው ጆጉን ሲያይ ፊቱ ከተቀየረ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ነው ማስነሳት ያለብህ። ስትደርስ አሙቀው ከጠበቁህ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» በል። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ዋጋውን በዚያው ልክ አውርድ። የድሮ ቤንዚን እርሳስ ስለነበረው የቫልቭ መቀመጫውን ይጠብቅለት ነበር። የዛሬው የለውም። ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ፣ ወርዶ ጠንካራ መቀመጫ ገብቶለት እንደሆነ ጠይቅ። ካልገባለት ደግሞ ቴስታታው በወረደ ጊዜ አስገባለት።

አሁን ወደ ማሻሻሉ። ደላላው 200 የፈረስ ጉልበት ብሎሃል አይደል? ያ ዘመን ሞተሩን ያለ ማርሚታ ለብቻው አቁመው የሚለኩበት ነበር፤ መኪናው ላይ እንዳለ የሚለካው ቁጥር ከ1972 ሞዴል ወዲህ የመጣ ነው። ጅማ ደግሞ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አስላው፣ ከአንድ ስድስተኛ በላይ ከቤትህ ሳትወጣ ሄዷል። ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው ትልቅ ካርቡራተር ፍለጋ ይሮጣል። እኔ የመጀመሪያውን ብር ለፍሬን ነው የማወጣው።

የዚህ መኪና ፍሬን ከነባሩ በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው፤ ከፊት ዲስክ ያደረገው ተጨማሪ የከፈለ ሰው ብቻ ነበር። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጥብሃል። ሸራው ራሱም ሲግል መያዝ ያቆማል። ከውጭ ዕቃ የሚያመጣልህ ሰው ካለህ መጀመሪያ የፊት ዲስክ አስመጣ። የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይር፤ ዶት 4 ይሁን። አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። የጅማን እርጥበት አንተ ታውቀዋለህ።

ከዚያ ጎማ። አበባው ሙሉ ነው ብለህ እንዳትሸወድ፤ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብብ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቸርኬውን ከራቭ4 አምጥቼ እገጥማለሁ የሚል ካጋጠመህ፣ የዳዶው ልክ በእርግጥ አንድ ነው። የመሃል ቀዳዳው ግን ጠባብ ነው፣ በሙስታንጉ የፊት እግር ላይ አይገባም።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ራዲያተሩን አስከፍተህ አሳጥብ፤ የቬንትሌተሩ መከለያ ከሌለ አሠራለት። ቴርሞስታቱን አውጥቶ የሚጥል ሜካኒክ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀበለው። ሞተሩ ሁሌ ቀዝቃዛ ሆኖ ቤንዚን ይበላል፣ ይዝጋል። ሲጨርሱ ወደ ጅሬን አቅና። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ውጣና የሙቀት መለኪያውን እይ። መሃል ላይ ከቆመ ለመንገድ ደርሷል።

ሞተሩን በመጨረሻ ነው የምትነካው፤ እሱም ብዙ አይደለም። ለካንዴላው እሳት የሚቆራርጠውን ፑንቲና በኤሌክትሮኒክ ቀይረው። ካንዴላ አውጥተህ እይ፤ ጥላሸት ከለበሰ ካርቡራተሩ ለባሕር ዳርቻ አየር እንደተለካ ነው ያለው፣ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ፣ ጂግለሩን፣ አንድ ደረጃ አሳንሰው። ቡናማ ሲሆን ተወው። መኪናው ማዞሪያ ላይ አፍንጫው እየሸሸ ካስቸገረህ፣ ሙስታንግን ለውድድር ያዘጋጁ የነበሩት አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢና ባልደረቦቹ ያደረጉት ነገር አለ። የላይኛውን የፊት እግር ክንድ ማሰሪያ ቀዳዳ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው በሱ። ዋጋው የመብሻና የመሪ ማስተካከያ ብቻ ነው። ልኩን የማያውቅ ሰው ግን እንዳይነካብህ።

ቀበቶ አትርሳ። ብዙዎቹ የወገብ ብቻ ነው ያላቸው። የቤንዚን ታንኩ ጣራ ራሱ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ወለል ስለሆነም፣ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ላሜራ አስገባበት።

የት ትነዳዋለህ? የአጋሮን መንገድ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ባጃጅ፣ አህያ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች። እዚያ ላይ ጠንከር አይባልም። ሰው የማይገባበት ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ለምነህ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ይዘህ፣ ከ60 ወደ ዜሮ ቀጥ ብሎ መቆምን ተለማመድ። እሱ ራሱ ልብ ያሞቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ዝቅ ብላ መንገድ እንድትይዝ ሞላዋን ልቆርጠው ነው። ስንት ዙር ልቁረጥ?
ተማሪ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ

መልስ፦ ዜሮ ዙር። የተቆረጠ ሞላ አጭር ብቻ ሳይሆን ድርቅ ያለም ይሆናል፤ አሞርዛተሩ ደግሞ ለድሮው ሞላ የተሠራ ነው። ጉድጓድ ስትገባ ጎማዋ መሬቱን ትታ ትነጥራለች። መንገድ እንድትይዝልህ ከፈለግክ አሮጌ አሞርዛተሮቿን በአራቱም በአዲስ ቀይር፣ ያለቁ ጎሚኒዎቿን አስለውጥ። ያኔ ሌላ መኪና የገዛህ ይመስልሃል። ዲኤክስ በኋላ ጎማ የምትገፋ ቀላል መኪና ናት። መንዳት ለመማር ከሙስታንግ ትሻላለች፤ ይህን ቡና ነጋዴው እንዳይሰማ።

ጥያቄ፦ ልጄ የመኪናውን ማርሚታ ቆርጦ ጉልበት ጨመረ ይለኛል። እውነት ነው?
እናት፣ ከቆጪ

መልስ፦ እናቴ፣ የሚታወቅ ጉልበት አልጨመረም። ጩኸቱ ነው ያታለለው። መልሶ ያስበይደው፤ እስኪያስበይድ ድረስ ቁልፉ እርስዎ ጋ ይሁን።