ብቻውን የሚውል ድንክ ፈረስ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ገጠር የምንኖር ቤተሰብ ነን። ባለፈው ዓመት ለልጆቻችን ብለን አንድ ድንክ ፈረስ ገዛን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የአጥሩን እንጨት ያኝካል፤ ቀኑን ሙሉም በአጥሩ ሥር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ኳስና ሌላ መጫወቻ ብንሰጠው በማግሥቱ ዞር ብሎ አያየውም። ጋሪ መጎተት ላስተምረው አስቤ ነበር፤ ሆኖም ቢሾፍቱ ሳድግ ያየኋቸው የተጎሳቆሉ የጋሪ ፈረሶች ትዝ እያሉኝ ልቤ እሺ አላለኝም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ፈረስዎ ብቻውን መዋሉ ነው። የአሜሪካ ድንክ ፈረስ ማኅበር የሚመዘግባቸው ፈረሶች ቁመታቸው ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሳንቲ ሜትር ገደማ የማይበልጥ ቢሆንም፣ ድንክ ፈረስ በጠባዩ እንደ ማንኛውም ፈረስ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። በሰላም ጋደም ብሎ የሚያርፈው አጠገቡ ሌላ ፈረስ ነቅቶ ሲቆምለት ነው፤ ጋማውን በጥርሱ የሚያክለት ጓደኛም ይሻል። ይህንን ልጆችዎ የቱንም ያህል ቢወዱት ሊተኩለት አይችሉም። ስለዚህ ለመጫወቻ የሚያወጡትን ገንዘብ አጠራቅመው ሌላ ድንክ ፈረስ ያምጡለት፤ ትልቅ ፈረስ ግን በአንድ እርግጫ ሊጎዳው ስለሚችል አንመክርም። ሁለቱን ከመቀላቀልዎ በፊት ለጥቂት ቀናት በአጥር ተለያይተው ይተያዩ።

እንጨት ማኘኩ ከአመጋገቡም ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። በግጦሽ ላይ የሚኖር ፈረስ በቀን እስከ 16 ሰዓት ያህል ሲግጥ ይውላል፤ ጨጓራውም ምግብ ቢኖርም ባይኖርም አሲድ ማመንጨቱን አያቋርጥም። ድንክ ፈረስ በቀላሉ ስለሚወፍርና ውፍረቱ ላሚናይተስ ለተባለው ብርቱ የሰኮና ሕመም ስለሚያጋልጠው፣ ብዙ ባለቤቶች ጥቂት ድርቆሽ ጠዋትና ማታ ብቻ ሰጥተው በመካከል ያለውን ረጅም ሰዓት ያለ ሥራ ያስውሉታል። የሚሻለው መጠኑን ሳይጨምሩ የሚበላበትን ጊዜ ማርዘም ነው፤ ለ100 ኪሎ ፈረስ በቀን 1.5 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ቀዳዳቸው በጠበበ መረቦች ከፋፍለው፣ እየተዘዋወረ እንዲፈልገው በሜዳው ልዩ ልዩ ቦታ፣ ኮቴው በማይጠለፍበት ከፍታ ይስቀሉለት። እንዲከሳ ተብሎ በድንገት ምግብ መከልከል ግን ለድንክ ፈረስ እጅግ አደገኛ ነው፤ የሰውነቱ ስብ በብዛት ወደ ደም ገብቶ ጉበቱን ይጎዳል።

ስለ ጋሪው የተሰማዎት ርኅራኄ ተገቢ ነው። ቢሾፍቱ ያዩዋቸውን ፈረሶች የሚጎዳቸው ግን ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት፣ ረጅም የሥራ ሰዓት፣ የውኃ ጥምና ቆዳ የሚልጥ ማሰሪያ እንጂ መጎተቱ ራሱ አይደለም። አዋቂ ሊጋልበው ለማይችል ፈረስ፣ ቀላል ጋሪ በልኩ በተሠራ ማሰሪያ ለአጭር ጊዜ መጎተት አእምሮውን የሚያነቃ መልካም ሥራ ነው። እስከዚያው በገመድ እየመሩ አዲስ መንገድ ያሳዩት፤ መሬት ላይ በተጋደመ ግንድና በተነጠፈ ሸራ ላይ ያራምዱት፤ ሲፈራም ሳይጎትቱት ራሱ አሽትቶ እስኪራመድ ይታገሡት። ከዚያ ከኋላው ሆነው በረጅም ገመድ መምራትን ያለማምዱት። ጋሪ ከመጥመድዎ በፊት ግን የእንስሳት ሐኪም ጥርሱን፣ ሰኮናውንና የጨጓራውን ጤና ይመርምርልዎ፤ እንጨት የሚያኝክ ፈረስ የጨጓራ ቁስል ሊኖረው ይችላልና።