እስስት ስትደምቅ ተደስታለች ማለት ነውን?

እስስት ደማቅ ቀለም ስታወጣ መደሰቷን ያሳያል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አጭሩ መልስ አያሳይም የሚል ነው፤ ድምቀቱ የሚያመለክተው መነቃቃትን እንጂ ደስታን አይደለም። ብዙዎቻችን እስስት ያረፈችበትን ነገር ቀለም ትይዛለች ሲባል ሰምተን ብናድግም፣ ከአካባቢዋ ጋር የሚያመሳስላት በአብዛኛው በእርጋታ ጊዜ ያላት መልክ ሲሆን፣ ፈጣኑ ለውጥ ግን በዋነኝነት ለሌሎች እስስቶች መልእክት ማስተላለፊያ ነው።

የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ማዳጋስካሩ ፓንተር እስስት ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በቆዳው ሴሎች ውስጥ ጉዋኒን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ወንዱ ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ይህም በቆዳው ካለው ቢጫ ቀለም ጋር ተዳምሮ አረንጓዴ ሆኖ ይታየናል። ተቀናቃኝ ወንድ ወይም ሴት ሲያይ ግን በክሪስታሎቹ መካከል ያለው ርቀት ስለሚሰፋ ቆዳው ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ያደላል። በፍልሚያ የተሸነፈ እስስት ብዙ ጊዜ ይጠቁራል፤ ጥቁረት ሁሉ ግን ሽንፈት አይደለም፣ በማለዳ ብርድ የፀሐይን ሙቀት ለመሳብም ይጠቅማልና።

ያው ድምቀት ለጠብም ለፍቅርም ስለሚወጣ (የሰው ፊት በንዴትም በሐፍረትም እንደሚቀላው ማለት ነው) ከቀለሙ ብቻ ተነሥቶ የእንስሳውን ውስጣዊ ስሜት መናገር አይቻልም። በሰው ዘንድ እንኳ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የወቅቱን ስሜትና በሕይወት መርካትን ለያይተው የሚያጠኑት በአብዛኛው ሰዎችን ራሳቸውን በመጠየቅ ነው፤ ለእስስት ይህ መንገድ አይሠራም።